ስለ ውለታ፤ የአንዲት እናት አሳብ

ልጅ ለወላጆቹ ዕዳ አለበትን? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከገዛ ልጄ አፍ ሰማሁት እንጂ። የበኩር ልጄ በአሜሪካ አገር ከተቀመጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየወሩ መጀመሪያ ሳያጓድል ገንዘብ ይልክልኛል፤ ይህን ሳልመሰክርለት ብቀር ሐሰተኛ እሆናለሁ። ነገር ግን ስልክ እምብዛም አይደውልም። ቢደውልም ንግግሩ እንደ ቴሌግራም የተቈጠረ ነው፤ «ደኅና ነሽ? ገንዘቡ ደርሶሻል? በይ ደኅና ዋይ» ይልና ይዘጋል። አንድ ጊዜ፣ የፋሲካ ማግሥት ነበረ፣ ነገሩ ሆዴን ሲበላኝ ሰንብቶ ስለ ነበረ መታገሥ አልቻልሁም። ዘጠኝ ወር እንደ ተሸከምሁት፣ ኩፍኝ በያዘው ጊዜ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ፣ ለትምህርቱ ብዬ የወርቅ ጉትቻዬን እንደ ሸጥሁ፣ አንድ በአንድ ቈጠርሁለት። እርሱም እስክጨርስ ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣ «እማዬ፣ ውለጂኝ ብዬ ለምኜሽ ነበርን? ሒሳቡ ስንት እንደ ሆነ ንገሪኝና ልክፈልሽ» አለኝ።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዚህ ልጅ ላይ ትፈርዱበት ይሆናል። ጥቂቶቻችሁ ደግሞ በልባችሁ «እውነቱን ነው» ትሉ ይሆናል። እኔ በዚያ ቀን ፈረድሁበት፤ አለቀስሁም። በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፣ ልጄ በክፉ አነጋገር ይናገረው እንጂ ጥያቄው መልስ የሚሻ መሆኑን አየሁ። ብድር ማለት ተበዳሪው ወዶና ፈቅዶ የሚገባበት ነገር ነው። ወዶና ፈቅዶ የተወለደ ሰው ግን የለም። እንግዲህ ጡት ማጥባቴና መድከሜ ብድር ከነበረ፣ ተበዳሪው ያልፈረመበት ብድር ነበረ። ብድር ካልነበረ ደግሞ በስልክ ላይ እየቈጠርሁ የጠየቅሁት ምኔን ነው?

የአባቶቻችን ቋንቋ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው ምሥጢር አለ። አንድ ሰው በጎ ነገር ያደረገለትን ሲያመሰግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ከልማድ የተነሣ ቃሉን ሳናስተውለው እናልፈዋለን እንጂ፣ ትርጓሜው «እኔ ልከፍልህ አልችልም፤ ስለ እኔ ሆኖ እርሱ ይስጥልኝ» ማለት ነው። ተቀባዩ የተቀበለውን አይክድም፤ ነገር ግን የተቀበለው ነገር ተመዝኖና ተቈጥሮ የሚመለስ አለመሆኑን ይናዘዛል። ደግሞም ልጅ ወላጁን በእርጅናው ጊዜ ሲያበላውና ሲያለብሰው «ጦረው» እንላለን እንጂ «ከፈለው» አንልም። የዛሬው የመንግሥት ጡረታ እንኳ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ግሥ ነው።

ምሳሌዎቻችንን ስንመለከት ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። «ያጎረሰ እጅ ይነከሳል» ይባላል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይባላል። እነዚህን ስሰማ አድጌአለሁ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተርቼባቸዋለሁ። ዛሬ ልብ ብዬ ባስተውላቸው ሁለቱም በአንድ ወገን የቆሙ ናቸው። የሚያማርረው ያጎረሰው ነው፤ የሚያለቅሰውም ያበደረው ነው። የጎረሰው ሰው ምን እንደሚል አንሰማም። እኔም ዕድሜዬን ሁሉ በአጉራሹ ወገን ቆሜ ስናገር እንደ ኖርሁ ያወቅሁት በእርጅናዬ ነው። ያሳወቀኝም አንድ የልጆች ተረት ነው።

ያደግሁት በደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። አገሩ ብርዳም ስለ ሆነ ማታ ማታ ሁላችንም ምድጃውን ከብበን እንቀመጥ ነበር። ኩበቱ ይጤሳል፤ እናቴ እንዝርቷን እያሾረች ጥጥ ትፈትላለች፤ እኛ ልጆች የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን «ተረት ተረት» የምትልበትን ሰዓት እንጠብቃለን። ባለችም ጊዜ «የላም በረት» ብለን ባንድ ድምፅ እንመልሳለን። ተረቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትለናለች። ዳቦ ዘወትር የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ከእኛ አንዱ ይነሣና አንዲት ፍሬ ቆሎ በአፏ ያደርግላታል፤ እርሷም እንደ ዳቦ ስታላምጠው እንስቃለን። ያን ጊዜ በቤታችን መጽሐፍ አልነበረም። የከበደ ሚካኤልን «ተረትና ምሳሌ» ያየሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የእኔ ልጆች ደግሞ በቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬን እያዩ አደጉ። ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ለአገሩ ልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እኔም እንደ ብዙ እናቶች ሁሉ ራቱ እስኪደርስ ልጆቼን ለእርሳቸው አደራ እሰጥ ነበር፤ አንድም ቀን አንዲት የምስጋና ደብዳቤ ልጻፍላቸው ብዬ አላሰብሁም።

እናቴ ከምትነግረን ተረት ሁሉ የእባቡንና የሰውየውን ያህል የምንወደው አልነበረም። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ እሳት በተያያዘ ቍጥቋጦ መካከል የተከበበ እባብ አየ። እባቡ «ስለ ነፍስህ አውጣኝ» ብሎ ለመነው። ሰውየው «አንተ ጠላቴ ነህ፤ ባወጣህ ትነድፈኛለህ» አለ። እባቡም «ሕይወቴን አድነህ እንዴት እነድፍሃለሁ?» ብሎ ማለለት። ሰውየው ራራና ስልቻውን በበትሩ ጫፍ አንጠልጥሎ ሰደደለት፤ እባቡም ገብቶ ወጣ። ከእሳቱ ከራቁ በኋላ ግን በሰውየው አንገት ላይ ተጠመጠመና «ርቦኛል፤ ነድፌ እበላሃለሁ» አለው። «የውለታዬ ዋጋ ይህ ነውን?» ቢለው፣ «በዓለም ያለው ሕግ ይኸው ነው፤ ካላመንህ ዳኛ እንጠይቅ» አለ።

አንድ ያረጀ በሬ አገኙና ጠየቁት። በሬውም «ዐሥራ ሁለት ዓመት አረስሁ፤ ጉልበቴ ባለቀ ጊዜ ቢላዋ ተሳለልኝ። የሰው ሕግ ይህ ከሆነ ብላው» ብሎ ፈረደ። ጀርባዋ የቆሰለ አህያ አገኙ፤ እርሷም «ስጭን ኖሬ ዛሬ ለጅብ ተጣልሁ፤ ብላው» አለች። በመጨረሻ ቀበሮ መጣች። ነገሩን ሰምታ «ያላየሁትን አልፈርድም፤ ይህን የሚያህል እባብ በዚህች ስልቻ እንዴት ሊገባ ይችላል?» አለች። እባቡም ሊያሳያት ወርዶ ገባ። ያን ጊዜ ወደ ሰውየው ዘወር ብላ «የስልቻውን አፍ እሰር፤ በትርህም በእጅህ ነው» አለችው። እባቡም በዚያው ሞተ።

ተረቱ ግን በዚህ አያበቃም። ሰውየው ደስ ብሎት «ነገ በዚህ ስልቻ የሰባ በግ አመጣልሻለሁ» ብሎ ለቀበሮዋ ቃል ገባላት። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን «በጌን ለቀበሮ?» ብሎ አሰበ። በማግሥቱ በስልቻው ሁለት ውሾች ከቶ ሄደ። ቀበሮዋ በጓን ስትጠብቅ ስልቻውን ፈታው፤ ውሾቹም አባረሯት።

እኔ ግን ለልጆቼ ስነግራቸው ተረቱን እባቡ በተመታበት ቦታ ቈርጬ አቆመው ነበር። ለምን እንደ ቈረጥሁት ዛሬ ብጠየቅ የማቀርበው ምክንያት ነበረኝ፤ ልጆች በአንድ ተረት ሁለት ትምህርት ሲሰጣቸው ይደናገራሉ እል ነበር። አስተማሪ ነበርሁና እንዲህ ያለውን ምክንያት ማቅረብ አያቅተኝም። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እባቡ ውለታ ቢስ ነው፤ ሰውየው በጎ አድራጊ ነው፤ በቤታችን በጎ አድራጊዋ እኔ ነኝ። በዚህ ቢቆም ተረቱ ለእኔ ይመሰክርልኛል። ውሾቹ ከመጡ ግን ይበላሻል።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ጠፋና ሁላችንም በአንድ ሻማ ዙሪያ ተቀመጥን። ከእኔ ጋር የምትኖረው ሴት ልጄ ሰባት ዓመት የሆናትን ልጇን ለማጫወት ብላ «ተረት ተረት» አለች። የጀመረችው ያንኑ የእባቡን ተረት ነበረ። እባቡ እስኪሞት ድረስ በእኔ አነጋገር፣ ከእኔ በወሰደችው ቃል ነገረቻት። ያልቃል ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ወደ ቤቱ ሄደ፤ በበጉ ሳሳ፤ ውሾቹን ከስልቻ ከተተ። አንዲት ነገር ሳታስቀር እንደ እናቴ አድርጋ ጨረሰችው።

የልጅ ልጄ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እባቡ እኮ ርቦት ነበር፤ ሰውየው ግን አልራበውም» አለች።

እኔ ከልጅቱ ቃል ይልቅ የተረቱ መጨረሻ ከየት እንደ መጣ አስጨንቆኝ ስለ ነበረ፣ «ይህን ማን ነገረሽ? እኔ እንደሆንሁ አልነገርሁሽም» ብዬ ልጄን ጠየቅኋት። እርሷም በሻማው ብርሃን እያየችኝ፣ «እታለም ናት የነገረችኝ፤ በወጥ ቤት፣ እናንተ ከተኛችሁ በኋላ» አለችኝ።

እታለም ልጆቼ ለሠራተኛችን ያወጡላት ስም ነበረ። በ1977 ዓ.ም.፣ የወሎና የትግራይ ሕዝብ በድርቅና በጦርነት ምክንያት በረኃብ ባለቀበት ዓመት፣ ከወሎ የመጣች ልጅ ናት። አንዲት ጎረቤታችን ይዛት መጥታ «ምግቧን ብቻ ስጫት፤ ሌላ አትጠይቅሽም» አለችኝ። ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በቤቷ ማን እንደ ሞተ ማን እንደ ቀረ ጠይቄአት አላውቅም፤ እንዳላሳዝናት ብዬ ነው እል ነበር።

በሚከተለው ዓመት በክረምት እናቴ ሞተች። ለተዝካሯ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ክፍለ ሀገር ነበረና ሁለቱን ልጆቼን ለእርሷ ትቼ ሄድሁ። በሁለተኛው ሌሊት የሦስት ዓመቷ ሴት ልጄ በትውከትና በተቅማጥ ተያዘች። ሌሊቱ ሲገፋ ዓይኗ ገባ፤ ከንፈሯ ደረቀ። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በመንገድ መገኘት ክልክል ነበረ፤ የተገኘ ሰው መታሰር ብቻ አይደለም፣ የሚተኮስበትም ጊዜ ነበረ። ይህች ልጅ ከተማውን በደንብ አታውቀውም። ወንድሙን ልጅ ቀስቅሳ ለጎረቤት አስረከበችና ሕፃኒቱን በጋቢ አዝላ በዝናብ ወጣች። ጥበቃዎች አስቁመዋት ነበር። ምን ብላ እንደ ለመነቻቸው አላውቅም፤ ብቻ አንዱ ጥበቃ ጠመንጃውን እንደ ያዘ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሸኛት። ስመለስ ሐኪሙን አነጋገርሁት፤ «እስኪነጋ ቢጠበቅ ኖሮ ልጅሽን አታገኚያትም ነበር» አለኝ።

እኔም አለቀስሁ፤ አቀፍኋት፤ በማግሥቱም መርካቶ ሄጄ አበባ ያለበት ቀሚስ ገዛሁላት። ስለ ቀሚሱ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀሚሱን በሰጠኋት ጊዜ ደስታዋን አይቼ ልቤ ዐረፈ፤ ነገሩ በመካከላችን ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያን ሌሊት አንሥተንበት አናውቅም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያን ጊዜ በየቀበሌው ይቀጥል ስለ ነበረ ፊደል ቈጠረች። የልጆቼን መጻሕፍት በወጥ ቤት ቁጭ ብላ እያነበበች የምታሳርረው ወጥ ያናድደኝ ነበር። በ1982 ዓ.ም. መስከረም አንድ ማታ እንግዶች ከሄዱ በኋላ መጣችና በሩን ይዛ ቆማ «እትዬ፣ የማታ ትምህርት ልመዝገብ ፍቀጂልኝ» አለችኝ። ትምህርቱ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነበረ። «ራቱን ማን ያቀርባል?» አልኋት። «ቀን ሠርቼ አቈየዋለሁ» አለች። ለመነችኝ፤ እንቢ አልሁ፤ ደግማ ለመነችኝ። ያን ጊዜ ቁጣ መጣብኝና «ከረኃብ አውጥቼሽ፣ አብልቼ አልብሼሽ፣ ሰው አድርጌሽ፣ ዛሬ ትከራከሪኛለሽ? ውለታ ቢስ!» አልኋት።

እርሷም አልመለሰችልኝም። በሦስተኛው ቀን ልብሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ልጆቼን ስማ ሄደች። የወሩን ደመወዟን ሳላጎድል ከፈልኋት፤ በዚህም ለብዙ ዓመት ራሴን እንደ ጻድቅ ስቈጥር ኖርሁ። በዚያው ሰሞን ለልጆቼ የእባቡን ተረት ነገርኋቸው። የተናገርሁት ስለ ማን እንደ ሆነ እንዲገባቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እኔ ጨካኝ ሴት አልነበርሁም። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ ነገሩ ጨካኝ ባልሆነ ሰው ላይ እንዴት እንደሚደርስ ማሰብ ስለሚያስፈልግ ነው። ያበላኋትን እንጀራ፣ ያለበስኋትን ልብስ አስታውስ ነበር፤ ስለዚህ ያልሁት ሁሉ እውነት ነበረ። በዚያ ማታ ግን ልጄን ያዳነችበት ሌሊት በአሳቤ ፈጽሞ አልመጣም። አስታውሼው ችላ ብዬው ቢሆን ኖሮ በደሉ ይቀል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን አልመጣም። የሰጠነው ነገር በልባችን ውስጥ እየወለደ ይኖራል፤ የተቀበልነው ግን እንደ ጎረስነው እንጀራ ነው፤ ሥጋና ደም ሆኖ ይቀራል እንጂ ተለይቶ አይታይም። ልጄ በሕይወት ነበረች፤ ትሮጥ ነበር፤ ትስቅ ነበር፤ ይህም እንደ ተፈጥሮ ነገር ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባለ ሥልጣን ወይም ባለጸጋ ሰው ቢያድናት ኖሮ በየዓመት በዓሉ ሙክት ይዤ ደጁን እረግጥ ነበር። ከበላያችን ያለውን ማመስገን አይከብድም፤ ነገም ሌላ ነገር ይገኝበታል። ከበታቻችን ያለውን ማመስገን ግን የሚያስከፍለው ነገር አለ። የቤቱ እመቤት ሕይወት በሠራተኛዋ እጅ ወድቃ እንደ ነበረች መናገር ነውና። ከዚያ በኋላ እንዴት ተብሎ «ወጡን አሳረርሽው» ይባላል?

«ደመወዝ የሚከፈላት ሰው አይደለችምን? የተከፈለበት ሥራ ውለታ ይባላልን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ነው። የኔሮን ቄሣር መምህር የነበረው ሴኔካ የተባለው የሮም ፈላስፋ ስለ ውለታ ሰባት መጻሕፍት ጽፏል። በእነዚህ ውስጥ ባሪያ ለጌታው ውለታ ሊውልለት ይችላል ወይስ የሚያደርገው ሁሉ ግዴታው ነው? እያለ ይመረምራል። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች አይችልም ይሉ ነበር። እርሱ ግን ይችላል ይላል፤ ከባሪያ የሚጠየቀው ነገር ወሰን አለው፤ ከወሰኑ አልፎ በፈቃዱ ያደረገው ሁሉ ውለታ ነው ብሎ ይከራከራል፤ ራሳቸውን ለሞት አሳልፈው ጌቶቻቸውን ያዳኑ ባሮችንም ይጠቅሳል። (ሴኔካ ራሱ ባሮች የነበሩት እጅግ ባለጸጋ ሰው ነበረ፤ እንዲህ ጽፎ እቤቱ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እግዜር ይወቅ። እኔም በዚህ ነገር ልፈርድበት አይገባኝም።) በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሽሯል፤ እታለምም ባሪያዬ አልነበረችም። ነገር ግን ከእርሷ የምጠብቀው ወሰን አልነበረውም፤ ስለዚህ ከወሰን አልፋ ያደረገችው ነገር ሊታየኝ አልቻለም። የተቀጠረችበት ሥራ እንጀራ መጋገርና ልጅ መጠበቅ ነበረ። በጠመንጃ ፊት በዝናብ መሄድ በደመወዟ ውስጥ አልነበረም።

ይኸው ፈላስፋ ውለታ ቢስ ሰው በዳኛ ፊት ሊከሰስ አይገባውም ይላል። ዳኛ የሚያስመልሰው ስጦታ ስጦታ መሆኑ ይቀርና ብድር ይሆናል ማለቱ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የልጄ ስልክ ትዝ አለኝ። እኔ ከሳሽም ዳኛም ሆኜ በፋሲካ ማግሥት ችሎት አስችዬ ነበር። የቈጠርሁለት ነገር ሁሉ እየተቈጠረ ስጦታነቱ እየጠፋ ሄደ፤ ጉትቻዬ እንኳ፣ ስሸጠው ደስ ብሎኝ የሸጥሁት ጉትቻ፣ በዚያ ስልክ ላይ ዋጋ ወጣለት። እርሱም ዋጋውን ጠየቀኝ።

እናንተ ግን ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያስ ከወላጆቻችን ዕዳ ነጻ ወጣን» እንዳትሉ እፈራለሁ። ሒሳቡን ጠይቆ መክፈልም ያው በሽታ ነው። ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው መገላገል ነው፤ ከፍሎ መለያየት ነው። እኔም ቀሚሱን ስገዛ የፈለግሁት ይህንኑ ነበረ። በልጄ አዝኜ ስመለከተው፣ ይህን አሠራር ከማን ተማረው ብዬ ማሰብ ያዝሁ። እታለምን በተሳደብሁበት ማታ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበረ፤ ከበሩ በስተጀርባ ቆሞ ይሰማ ነበር። አንዲት ሴት የሰጠችውን እየቈጠረች ሌላይቱን ዝም ስታሰኝ ሰምቷል። በዚያ ማታ «ውለታ ማለት ሰውን ዝም የምታሰኝበት ነገር ነው» ብሎ ቢማር፣ ያስተማርሁት እኔው ነኝ፤ ትምህርቱንም በሚገባ ይዞታል።

የልጅ ልጄ ያን ማታ ሳትተኛ «ሰውየው ኋላ ሄዶ ቀበሮዋን ይቅርታ አልጠየቃትም?» ብላ ጠይቃ ነበር። እናቷ «ተረቱ አይናገርም» አለቻት።

በሳምንቱ እታለምን ልፈልግ ተነሣሁ። ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ ሰው መፈለግ ቀላል ነገር አይደለም። የድሮው ሰፈራችን ፈርሷል፤ ቤታችን በነበረበት ቦታ ዛሬ ረጅም ፎቅ ቆሟል፤ ጎረቤቶቻችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ያመጣችልኝ ጎረቤት ሞታለች። አንዲት የድሮ የዕድር ጓደኛዬን አገኘኋትና ጠየቅኋት። «የእናንተ ቤት ልጅ፣ ያቺ ቀጭኗ? ኋላ ደብተር ይዛ ያየኋት ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም» አለችኝ። በወጣቶች ምክርም በሬዲዮ ላስነግር አሰብሁ። ማስታወቂያውን የሚጽፍልኝ ልጅ ወረቀቱን አዘጋጅቶ «ስሟ ከነአባቷ ማን ይባላል?» አለኝ።

አላውቀውም። አምስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር አብረን ኖረናል፤ እንጀራዋን በልቻለሁ፤ ልጄ በጀርባዋ ላይ ከሞት ተመልሳለች፤ የአባቷን ስም ግን አላውቀውም። በአገራችን የአባት ስም የሌለው ሰው ሊፈለግ አይችልም፤ በስሟ ብቻ የምትጠራ ሴት በአዲስ አበባ ስንት ሺህ እንዳለች እናንተው ገምቱት። ሴት ልጄን ጠየቅኋት፤ እርሷም አታውቀውም።

በመጨረሻ ወደ አሜሪካ እኔው ደወልሁ። በእኛ ማታ ነበረ፤ በእነርሱ አገር ገና ጥዋት ነው። ልጄ ድምፄን ሰምቶ «ምን ሆንሽ? ገንዘቡ አልደረሰሽም?» አለኝ። «ደርሶኛል። የደወልሁት ለሌላ ነገር ነው፤ የእታለምን የአባቷን ስም ታውቀዋለህ?» አልሁት። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ኋላ «አላውቀውም፣ እማዬ» አለኝ። ቀጥሎም ያላሰብሁትን ተናገረ፤ «የጫማ ክር ማሰር ያስተማረችኝ እርሷ ናት። ዛሬም የማስረው እርሷ እንዳሳየችኝ በግራ በኩል ጀምሬ ነው፤ ልጆቼ ይስቁብኛል» አለ።

እኔም ስለ ማታ ትምህርቱ፣ ስለዚያም ስድብ ነገርሁት። «ሰምቻለሁ፤ በሩ ጋ ነበርሁ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረበትም። ከዚያ ስለ ገንዘብም፣ ስለ ዘጠኝ ወርም ሳናነሣ ስለ እርሷ ብዙ ተጨዋወትን፤ ክረምት ክረምት የምትቆላውን ሽምብራ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ አበባ ያለበትን ቀሚስ። ለሥራ የሚወጣበት ሰዓት ደርሶ ነበር መሰለኝ፣ ሚስቱ ከወዲያ ስትጠራው ይሰማል። «ቆይ፣ እናቴ ናት» ሲላት ሰማሁት።